ጎተራ የነበረ ቤት ከነአትክልት ስፍራው፦ አራት አማራጮች በስድስት መስፈርት

በእንግሊዝ ገጠር «የተለወጠ ጎተራ» ተብለው ለሽያጭ የሚቀርቡ ቤቶች በማስታወቂያ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በዕድሜ የጠቆረ የኦክ አግዳሚ፣ እስከ ወለል የወረደ መስታወት፣ ከመስታወቱ ማዶ ተከርክሞ የተሰለፈ ቁጥቋጦ። በሕግና በኪስ ሲለኩ ግን ዘመድ እንኳ አይደሉም። አንዱ የ300 ዓመት ቅርስ ነው። ሌላው ከጥቂት ዓመታት በፊት ላም ያድርበት የነበረ የብረት ዳስ ነው። ሦስተኛው ዛሬም ጎተራ ነው፤ የሚሸጠው ቤት ሳይሆን ፈቃድ ነው። አራተኛው ደግሞ ጎተራ ሆኖ የማያውቅ፣ ጎተራ መስሎ የተሠራ አዲስ ቤት ነው።

እኔና ባለቤቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ አሥራ አንዱን ዞረን አይተናል። መጀመሪያ ላይ የምናየው ሳሎኑን ነበር፤ ከዚያ ወጥ ቤቱን፣ ከዚያ አትክልቱን፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ወረቀቱን። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት የገባን በስድስተኛው ቤት፣ ጠበቃችን ደውላ «ይህን ቤት ልትኖሩበት አልተፈቀደም» ስትለን ነው። ስለዚያ ቤት ከታች እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ሕጎች የእንግሊዝ ብቻ ናቸው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው አላቸው። ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት የምለውም የእንግሊዝን ብርዳማ ወቅት፣ በጋ የምለው ሞቃቱን ነው።

ጎተራው ምን ነበር?

ጎተራ የምለው የተሻለ ቃል ስላጣሁ ነው። የድሮው የእንግሊዝ ገበሬ ጎተራ የእህል ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን አውድማም ነበር። ዝናብ በማይታመንበት አገር ነዶ ውጭ መውቃት ስለማያዋጣ አውድማው ጣሪያ ስር ገባ። ሕንፃው መሐል ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትልልቅ በሮች አሉት። ነዶ የጫነው ጋሪ በአንደኛው ይገባል፤ በክረምቱ ወራት እህሉ በበትር ሲወቃ ሁለቱም በሮች ይከፈቱና በመካከላቸው የሚያልፈው ነፋስ ገለባውን ይወስደዋል። መንሽ ይዞ ነፋስ የጠበቀ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በግድግዳው ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ክፍተቶችም እህሉ እንዲተነፍስ የተተዉ ናቸው እንጂ ብርሃን እንዲገባ አይደለም።

ጥንካሬው አያጠያይቅም። በኦክስፎርድሻየር የሚገኘው የግሬት ኮክስዌል ጎተራ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሲስተርሲያን መነኮሳት የተሠራ ሲሆን ዛሬም በእንጨት ምሰሶዎቹ እንደቆመ ነው። ነገር ግን ነፋስ እንዲያልፍበት የተሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ ፎቅ የማያውቅ ሕንፃ ሰው ሊኖርበት ሲገባ ችግሮቹ ሁሉ ከዚያው ከተሠራበት ዓላማ ይመነጫሉ። የሚገዙት ጥሩ ለውጥ ከሆነ አንድ ሰው እነዚህን ችግሮች ቀድሞ ፈትቷቸዋል፤ መጥፎ ለውጥ ከሆነ በቀለም ሸፍኗቸዋል።

ስድስቱ መስፈርቶች

*ወረቀት።* ሕንፃው ከእርሻ ወደ መኖሪያ የተለወጠው በምን ፈቃድ ነው? ፈቃዱስ ምን ቅድመ ሁኔታ ተጽፎበታል? ብዙ ጎተራዎች የተፈቀዱት ለእረፍት ለሚመጡ እንግዶች ማከራያነት ብቻ ነው። ስድስተኛው ቤታችን እንዲህ ያለ ነበር። ሻጩ ቤቱን ቋሚ መኖሪያው አድርጎ ዘጠኝ ዓመት ኖሮበታል። እንዲህ ዓይነቱን ጥሰት የአካባቢው ምክር ቤት ሊያስቆመው የማይችለው 10 ዓመት ሳይቋረጥ ሲሞላው ነው። ሻጩ አንድ ዓመት ታግሦ ቢሆን ኖሮ በሕግ የሚያረጋግጥለት ሰነድ መጠየቅ ይችል ነበር፤ እሱ ግን እኛ እንድንታገሥለት ፈለገ። የምክር ቤቱ የፕላን ፋይል በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። ቤቱን ለማየት ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት አድራሻውን አስገብተው የውሳኔውን ደብዳቤ ከነቅድመ ሁኔታዎቹ ያንብቡ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

*ሙቀትና እርጥበት።* የባለፈውን ክረምት የማሞቂያ ደረሰኝ ይጠይቁ። የቤቱን የኃይል አጠቃቀም የሚመዝነው የኢነርጂ ምስክር ወረቀት ይጠቅማል፤ ደረሰኙ ግን አይዋሽም።

*የሚገባና የሚወጣ።* ውሃ ከየት ይመጣል? ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ቤቱ በምን ይሞቃል? መንገዱ የማን ነው? ገጠር ውስጥ እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላል።

*የአትክልቱ ሕጋዊ ድንበር።* ከመስኮት የሚታየው ሁሉ የአትክልት ስፍራ ተብሎ የተፈቀደ አይደለም።

*አትክልቱ የሚጠይቀው ጉልበት።* በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በማን እጅ?

*ታክስና ብድር።* ባንኩ ያበድራል? መንግሥት ስንት ይወስዳል?

አንደኛ አማራጭ፦ በቅርስነት የተመዘገበ አሮጌ ጎተራ፣ ተለውጦ ያለቀ

ከ1700 በፊት ተሠርቶ የመጀመሪያ መልኩን ብዙም ያልለቀቀ ሕንፃ በእንግሊዝ በቅርስነት ይመዘገባል፤ ከ1700 እስከ 1850 የተሠሩትም አብዛኞቹ ተመዝግበዋል። ደረጃው ሦስት ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብ እና ሁለተኛ። ከመዝገቡ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ የተጠበቀው ፊቱ ብቻ ነው» የሚል የቤት ደላላ ካጋጠመዎት ፈገግ ብለው ይለፉት። ጥበቃው ውስጡንም፣ አግዳሚውንም፣ ብዙ ጊዜም ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት በግቢው የተሠራውን የአትክልት ግንብ ጭምር ይመለከታል።

ያለ ፈቃድ የተመዘገበ ሕንፃን መለወጥ የወንጀል ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ጥፋቱን የፈጸመው የቀድሞው ባለቤት ቢሆንም፣ እንዲታረም የሚያዘው ደብዳቤ የሚላከው ቤቱን ለያዘው ሰው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ከሦስት ባለቤት በፊት ያለ ፈቃድ የተከፈተ የጣሪያ መስኮት ዛሬ የእርስዎ መስኮት ነው። ስለዚህ በምክር ቤቱ ፋይል ውስጥ ያሉትን የተፈቀዱ ንድፎች አትመው ይዘው ይሂዱና መስኮት በመስኮት ይቁጠሩ። እኛ አንድ ቦታ ንድፉ ላይ አምስት፣ ጣሪያው ላይ ሰባት ቆጥረናል።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር ላሳይዎ። በኅዳር ወር ባየነው የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭና ንጹሕ ነበር። ባለቤቴ ሶፋውን ከግድግዳው ትንሽ ለማራቅ ፈቃድ ጠየቀች። ከሶፋው ጀርባ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ወተት ተሰነጣጥቆ ተነሥቷል፤ በጣት ሲነካ ነጭ ጨው ይረግፋል። የድሮው ግድግዳ በኖራ የተያያዘ ስለነበር የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተነፍስ ነበር። የለወጠው ሰው በሲሚንቶ ለሰነው፤ ውሃው መውጫ አጣ። ይህ የሚድን በሽታ ነው፤ ሲሚንቶውን አንስቶ በኖራ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ገንዘብና ወራት ይፈልጋል፤ ቅርስ ከሆነ ደግሞ ፈቃድም ይጠይቃል። ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚስማማው የሕንፃ ምርመራ ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም በጣም ዝርዝሩ ነው። መርማሪው ኖራ የሚያውቅ ይሁን።

ሙቀቱን በተመለከተ ከፍ ያለው ጣሪያ የሚያስከፍለው በክረምት ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እርስዎ የሚቀመጡት ታች ነው። ከወለል ስር በሚሄድ ቱቦ የሚሞቅ ጎተራ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማሞቂያ ከሚሞቀው በእጅጉ ይሻላል። የጋሪው በር የነበረው ክፍተት በመስታወት ተሞልቶ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ደግሞ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ምድጃ ይሆናል፤ ሰዓቱን መርጠው ይሂዱ። መኝታ ቤቶቹስ? ቅርስ ጠባቂዎች በጣሪያ ላይ ብዙ መስኮት አይፈቅዱም። ስለዚህ በግርማው ሳሎን የተደነቀ ገዢ ሌሊት የሚያድርበት ክፍል ብዙ ጊዜ ጨለምለም ያለ፣ ጣሪያው ወደ ራስ የወረደ ነው።

የሌሊት ወፍም አለች። በእንግሊዝ የሁሉም የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ማደሪያ፣ ወፏ በሌለችበት ወቅት እንኳ፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ጣሪያ ለመጠገን በሚፈልጉበት ዓመት ማደሪያ ከተገኘ ጥናትና የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ጥናቱ የሚካሄደው ወፎቹ በሚንቀሳቀሱባቸው ሞቃት ወራት ስለሆነ በጥቅምት የፈሰሰ ጣሪያ የሚቀጥለውን በጋ ሊጠብቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬም ከአራቱ የምወደው ይህንኑ ነው። ውበቱ እውነተኛ ነው፤ አትክልቱም አብዛኛውን ጊዜ የበሰለ ነው።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ከዘመናዊ የእርሻ ዳስ የተለወጠ

ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝ የእርሻ ሕንፃን ያለ ሙሉ የፕላን ማመልከቻ ወደ መኖሪያ መለወጥ የሚያስችል መንገድ አለ፤ ዛሬ የሚጠራው «ክላስ ኪው» ተብሎ ነው። በግንቦት 2024 ደንቡ ሲሻሻል በአንድ እርሻ ላይ እስከ 10 ቤት፣ እያንዳንዳቸው እስከ 150 ካሬ ሜትር፣ በድምሩ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር እንዲሆኑ ተፈቀደ። በተመዘገበ ቅርስ ላይ፣ በብሔራዊ ፓርክና በተጠበቁ የመሬት ገጽታዎች ውስጥ አይሠራም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመጣው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ወይም የብሎኬት ዳስ የተለወጠ ነው። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ አላዞርም። የሙቀት መከላከያው አዲስ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ አዲስ ነው፤ መስኮቱ በቂ ነው፤ የክረምት ወጪውም ከድንጋዩ ጎተራ ጋር አይነጻጸርም። ግርማ የለውም እንጂ ምቾት አለው።

ወጥመዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሥራው «መለወጥ» መሆን አለበት፤ አፍርሶ መሥራት አይደለም። በ2016 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጎኑ ክፍት በነበረ የብረት ዳስ ጉዳይ ሥራው በጣም ከበዛ አዲስ ግንባታ እንጂ ልወጣ አይባልም የሚለውን አጽንቷል። ገንቢው አፅሙን ነቅሎ አዲስ ከተከለ ፈቃዱ ከእግሩ ስር ይንሸራተታል። የሥራውን ፎቶግራፎች በየደረጃው ይጠይቁ፤ የድሮው ብረት ውስጥ መኖሩ ይታይ። ሁለተኛው ወጥመድ የአትክልቱ ድንበር ነው። በዚህ ፈቃድ ከቤቱ ጋር ለመኖሪያ የሚሰጠው ግቢ ስፋቱ ሕንፃው ራሱ ካረፈበት መሬት መብለጥ አይችልም። ቤቱ 150 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ካረፈ፣ የተፈቀደው ግቢ ቢበዛ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ መኪና ማቆሚያው ጭምር። ማስታወቂያው ግን «በባለሙያ የተነደፈ የአንድ ሄክታር አትክልት» ይላል። የተቀረው ለብቻው ፈቃድ ካልወጣበት የእርሻ መሬት ነው፤ በእርሻ መሬት ላይ መዝናኛ ወንበርና የሕፃናት መጫወቻ መደርደር የአጠቃቀም ለውጥ ነው። ቤቱን ወደፊት ለማስፋትም ሌላው ባለቤት ያለ ማመልከቻ የሚጠቀምበት መብት እዚህ የለም።

የዳሱ ጣሪያ አሮጌ ከነበረ ስለ አስቤስቶስ ይጠይቁ፤ በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። አሮጌው ቆርቆሮ የት እንደተጣለ የሚያሳይ ሰነድ መኖር አለበት። አትክልቱ ስር ተቀብሮ የተገኘበት ቦታ ላይ ቆሜ ስለማውቅ ነው።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ፈቃድ ያለው፣ ገና ያልተለወጠ ጎተራ

ዋጋው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሰውም ይሳባል። በዚህ አማራጭ የሚገዙት ሁለት ዓመት ሥራ ነው። የክላስ ኪው ፈቃድ ከተሰጠ በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራው *መጠናቀቅ* አለበት፤ መጀመር አይበቃም። ሻጩ ሁለቱን ዓመት ይዞት ከቆየ ለእርስዎ የቀረው አንድ ነው። ተራ የቤት ብድር አያገኙም፤ በደረጃ የሚለቀቅ የግንባታ ብድር ያስፈልጋል።

የሚያጽናናው ታክሱ ነው። መኖሪያ ያልነበረን ሕንፃ ወደ መኖሪያ ለሚለውጥ ተቋራጭ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ20 በመቶ ፈንታ 5 በመቶ ነው፤ ለራሱ መኖሪያ የሚለውጥ ሰው ደግሞ የከፈለውን ታክስ ሥራው ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ አመልክቶ ማስመለስ ይችላል። የአርክቴክት ክፍያ ላይ ያለው ታክስ አይመለስም። ሕንፃው ውስጥ የጎተራ ጉጉት የምትባለዋ ዝርያ ካለች ደግሞ በሕግ ልዩ ጥበቃ ካላቸው ወፎች አንዷ ናት፤ ጫጩቶቿ እስኪበሩ አናጺዎ ይቆማል።

አትክልቱን በተመለከተ ግን ይህ አማራጭ የተሻለ ዕድል ይሰጣል፤ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት አትክልቱን መንደፍ ይቻላልና። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሕንፃው ላይ ጨርሶ አትክልቱን በተረፈው አፈር ይሞላዋል። የከባድ ማሽን ጎማ የረገጠው አፈር እንደ ሸክላ ይጠጥራል፤ ውሃም አይመጥም። ማሽን የማይገባበትን ክልል ከመጀመሪያው ቀን በአጥር ይለዩ።

አራተኛ አማራጭ፦ ጎተራ መስሎ የተሠራ አዲስ ቤት

ስለዚህ ብዙ የምለው የለም። ይሞቃል፣ ብድር ያገኛል፣ ብዙ ጊዜ የ10 ዓመት የግንባታ ዋስትና አለው። በጥቁር ሳንቃ ተለብጦ ከሩቅ ጎተራ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ጣሪያው ዝቅ ያለ ተራ ቤት ነው። አትክልቱ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ በተዘረጋ ሣርና በጨቅላ ችግኝ የተሞላ ይሆናል። ገጠር የሚኖሩት ለሥራ ቅርበት ከሆነ ሳይፈሩ ይግዙት።

አትክልቱ ራሱ ሲመዘን

«የተነደፈ የአትክልት ስፍራ» ማለት አንድ ሰው ወረቀት ላይ አስቦ የተከለው ማለት ነው። ጉልበቱ እንደ ንድፉ ዓይነት ይለያያል፤ ማስታወቂያ ደግሞ ዓይነቱን አይነግርዎትም።

በአጥርና በግንብ እንደ ክፍል የተከፋፈለው የአትክልት ዓይነት በእንግሊዝ ስመ ጥር ነው፤ በኬንት የሚገኘውና ጸሐፊዋ ቪታ ሳክቪል ዌስትና ባሏ ሃሮልድ ኒኮልሰን ከ1930 ጀምሮ ያለሙት ሲሲንግኸርስት ለብዙዎች ምሳሌ ሆኗል። ከድንጋይ ጎተራ ጋር በጣም ያምራል፤ በጣምም ይበላል። ካየናቸው አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። አትክልተኛውን «ስንት ቀን ይመጣሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። «በሳምንት ሁለት፤ በግንቦት ሦስትም አይበቃም» አለኝ። በሰዓት 25 ፓውንድ፣ በሳምንት 14 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ብለው ቢያሰሉት 14,000 ፓውንድ ይመጣል። ሻጩ ይህን ከወጪ አልቆጠረውም ነበር፤ ለእሱ ሰውየው የግቢው አካል ነው።

በዚያው ግቢ ቦክስ የሚባለውን ቅጠለ ደቃቅ ቁጥቋጦ ጎንበስ ብዬ ገለጥ አደረግኩት። ውስጡ ድር አድርቷል፤ አረንጓዴና ጥቁር መስመር ያለው አባጨጓሬ ቅጠሉን እስከ አጥንቱ ግጦታል። ይህ የቦክስ የእሳት ራት ከ2011 ወዲህ በብሪታንያ የግል አትክልቶች ውስጥ ሲራባ የቆየ ነው፤ ከእሱ ቀድሞ የገባ የፈንገስ በሽታም አለ። የቦክስ አጥር ያለበትን አትክልት ሲገዙ አጥሩን እንደሚቀይሩት አድርገው ዋጋ ይስጡት። ምትኩ ብዙ ጊዜ ዩው የሚባለው ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ነው፤ ዩው ደግሞ ለፈረስና ለከብት መርዝ ስለሆነ ፈረስ የሚሰማራበት መስክ ዳር አይተከልም። የከረከሙትን ቅጠል በአጥሩ ላይ ወርውረው የጎረቤትን ፈረስ እንዳይገድሉ።

የጠጠር አትክልት ሌላው ዓይነት ነው። አትክልተኛዋ ቤዝ ቻቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኤሴክስ፣ ዝናብ በሚያንስበት የእንግሊዝ ምሥራቅ፣ የመኪና ማቆሚያ የነበረን ቦታ ውሃ ወደማይጠጣ አትክልት ለውጣዋለች። አፈሩ ውሃ የማይዝ ከሆነና በበጋ በቱቦ ማጠጣት በሚታገድበት አካባቢ ከሆኑ ከዚህ የሚሻል የለም። በከባድ ሸክላ አፈር ላይ የተበተነ ጠጠር ግን ይህ አይደለም፤ ያ የመኪና መግቢያ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የሣርና የረጃጅም አበቦች መስክ ነው። በሶመርሴት ብሩተን ከተማ ዳር፣ ጋለሪ በሆኑ የእርሻ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ሆላንዳዊው ፒት አውዶልፍ የነደፈው መስክ በ2014 ተከፍቷል፤ ሄዶ ማየት የሚቻል ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት በጥር ወር ይዩት። የደረቀው ዘንግ በውርጭ ቆሞ ካስደሰተዎት ይህ አትክልት የእርስዎ ነው። «ለምን አልተቆረጠም?» ካሉ አይደለም። የዓመቱ ትልቁ ሥራ በክረምቱ መጨረሻ አንዴ አጭዶ ማንሣት ነው፤ አረሙን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቅ አትክልተኛ ችግኙን ነቅሎ አረሙን ይተዋል።

ሌሎች የሚጠየቁ ነገሮች፦ በምክር ቤቱ በተፈቀደው ንድፍ ላይ ያለው ቀይ መስመር የት ያልቃል? ከእሱ ውጭ ያለው ሣር የቱንም ያህል ቢስተካከል እርሻ ሊሆን ይችላል። ጥበቃ የተደረገለት ዛፍ አለ? በሻጩ የዕቃዎች ዝርዝር ቅጽ ላይ የድንጋይ ገንዳው፣ ማሰሮዎቹና አግዳሚ ወንበሩ «ይቀራል» ተብለው ተጽፈዋል? መሬት ውስጥ የተተከለው ከመሬቱ ጋር ይሸጣል፤ በማሰሮ ያለው ከሻጩ ጋር ሊሄድ ይችላል። አንዱን በር የምታጅበው ጥንድ የወይራ ዛፍ ለምን ማሰሮ ውስጥ እንደሆነች ያኔ ይገባዎታል።

ፍሳሹም እዚሁ አትክልት ውስጥ ነው ያለው። «የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን ማየት እንፈልጋለን» ስንል ሻጩ የት እንዳለ አላወቀም፤ ያው አትክልተኛ አወቀ። ከላቬንደሩ ረድፍ ስር ነበር። በዲጂኖ አነሣልን። የሚወጣውን ቱቦ ተከትለን ስንሄድ ከፍራፍሬው ጀርባ ያለ ቦይ ደረስን፤ ውሃው ግራጫ ነበር፣ ሽታውም ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከሴፕቲክ ታንክ በቀጥታ ወደ ቦይ ወይም ወንዝ የሚለቅ ቤት እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ መስተካከል ነበረበት። አዲስ ማጣሪያ መትከል ማለት ደግሞ አትክልቱን መቆፈር ነው። ላቬንደሩ ለምን እንዲያ እንዳማረበት ግን ገባኝ።

ሠንጠረዡ

| መስፈርት | ቅርስ ጎተራ | የተለወጠ ዳስ | ያልተለወጠ | አዲስ ቤት |
|---|---|---|---|---|
| ወረቀት | ከባድ፤ ስሕተት በጊዜ አይሻርም | የልወጣው ማስረጃ ወሳኝ | የፈቃዱ ቀን ወሳኝ | ቀላል |
| ሙቀት | ውድ | ጥሩ | በእርስዎ እጅ | በጣም ጥሩ |
| ፍሳሽና ውሃ | አሮጌ ሊሆን ይችላል | አብዛኛውን ጊዜ አዲስ | ከዜሮ | አዲስ |
| የአትክልት ድንበር | ብዙ ጊዜ ሰፊ፤ መስመሩ ይታይ | ጠባብ | እንደ ፈቃዱ | ግልጽ |
| አትክልቱ አሁን | የበሰለ፣ ጉልበት በላ | ወጣት | የለም | የሣር ምንጣፍ |
| ብድር | ይቻላል፤ አበዳሪ ይመርጣል | ይቻላል | የግንባታ ብድር ብቻ | ቀላል |
| ውበት (ከስድስቱ ውጭ) | ከሁሉ በላይ | መካከለኛ | ገና አይታወቅም | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ከዋጋው በፊት ቀረጡን ያስሉ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በሚሠራው የእንግሊዝ የቴምብር ቀረጥ፣ በ800,000 ፓውንድ ለተገዛ ብቸኛ መኖሪያ የሚከፈለው 30,000 ፓውንድ ነው። ሌላ ቤት ካለዎት በሙሉ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ይጨመራል፤ 70,000 ይሆናል። ነዋሪነትዎ ከብሪታንያ ውጭ ከሆነ ሌላ 2 በመቶ፣ ማለትም 16,000 ይታከላል። «መስክ ስላለው የመኖሪያ ቀረጥ አይመለከተውም» የሚል ምክር ከሻጭ ወገን ከመጣ በራስዎ ጠበቃ ያስመርምሩት፤ ግብር ሰብሳቢው በዚህ ክርክር ብዙ ገዢዎችን ረትቷል።

ገንዘብ ካለዎትና ጊዜ ከሌለዎት፣ ቅርሱን ይግዙ፤ ነገር ግን የአትክልተኛውን የዓመት ክፍያ እንደ ሁለተኛ ብድር ቆጥረው። ከመፈራረምዎ በፊት ሰውየው መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። አትክልቱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የነደፈው ሰው ሄዷል።

ልጆች ካሉዎትና በጀትዎ ልክ ካለው፣ የተለወጠው ዳስ ይሻልዎታል። ለመስኩ የአጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ መውጣቱን ግን የሽያጩ ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት። ሻጩ «ማንም አይጠይቅም» ካለ እሱው አመልክቶ ያምጣ።

እጅዎ ሥራ የሚያውቅ፣ ለሁለት ክረምት በተንቀሳቃሽ ቤት ለመኖር የሚጨክን ቤተሰብ ካለዎት ያልተለወጠውን ያስቡበት። የተመደበው ገንዘብ ላይ አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ ጨምረው ካልበቃዎት ይተዉት።

ዕድሜዎ ከገፋና አትክልት የሚወዱት ሲያዩት ከሆነ፣ አዲሱን ቤት ገዝተው በቀረው ገንዘብ ትንሽ የጠጠር አትክልት ያስነድፉ። ጎረቤት ቅርስ ጎተራ ካለ ከመስኮትዎ የሚያዩት እርስዎ ነዎት፤ ጣሪያውን የሚጠግነው እሱ ነው።

እኛ አሥራ አንደኛውን ገዛን፤ ሁለተኛ ደረጃ ቅርስ ነው። ያየነው በየካቲት ዝናብ ነበር፤ አትክልቱ ጭቃና እንጨት ብቻ ነው፤ ደላላው ደጋግሞ «በሰኔ ብትመጡ» ይለን ነበር። ፋይሉን አንብበን፣ ሶፋውን አርቀን፣ ክዳኑን አስነሥተን ስንጨርስ ሳሎኑን ለማየት አሥር ደቂቃ ቀርቶን ነበር።